የቴሌቪዥን ሞገድን ለሞባይል ማዛወር

የቴሌቪዥን ሞገድን ለሞባይል ማዛወር ማለት ለምድር ቴሌቪዥን ሥርጭት ተመድቦ የቆየ የሬዲዮ ስፔክትረም ተለቅቆ ለሞባይል ስልክና ለሞባይል ኢንተርኔት እንዲውል የማድረግ አሠራር ነው። ቴሌቪዥን ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ሲሸጋገር የሚተርፈው ሞገድ «ዲጂታል ዲቪደንድ» ይባላል። ዲቪደንድ ባለ አክሲዮን የሚደርሰው የትርፍ ድርሻ እንደሆነ ሁሉ፣ ይህም ከዲጂታል ሽግግር የሚገኝ ትርፍ ነው ለማለት ነው። በብዙ አገሮች ይህ ትርፍ የሚነገረው መንግሥት በጨረታ ባገኘው ገንዘብ መጠን ነው። እንደ አርሲ ደጋ ባለ፣ መሬቱ ተራራማ በሆነና ሕዝቡ በገጠር ተበታትኖ በሚኖርበት አካባቢ ግን ትልቁ ጥቅም የሚመጣው ከጨረታው ሳይሆን አንድን ወረዳ በኔትወርክ ለመሸፈን የሚተከሉት ማማዎች ቁጥር ከመቀነሱ ነው።

ሞገዱ የትኛው ነው?

በአፍሪካና በአውሮፓ የቴሌቪዥን ዩ.ኤች.ኤፍ. ሞገድ የሚባለው ከ470 እስከ 862 ሜጋኸርዝ ያለው ክፍል ነው። ይህ 392 ሜጋኸርዝ ስፋት እያንዳንዳቸው 8 ሜጋኸርዝ በሆኑ 49 ቻናሎች ተከፋፍሎ ነበር። በአሮጌ ቴሌቪዥኖች ላይ ከ21 እስከ 69 የሚቆጠሩት ቻናሎች እነዚህ ናቸው። በአናሎግ ዘመን አንድ ቻናል የሚሸከመው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነበር። በዚያ ላይ በአንድ ዓይነት ቻናል የሚያሰራጩ ሁለት ማሰራጫዎች እንዳይረባበሹ በጣም መራራቅ ስለነበረባቸው፣ በየትኛውም ከተማ አብዛኛው ቻናል ባዶውን ይቀመጥ ነበር። ዲ.ቪ.ቢ.-ቲ2 የተባለው የዲጂታል ደረጃ ግን በዚያው 8 ሜጋኸርዝ ውስጥ መደበኛ ጥራት ያላቸውን ከአሥር በላይ ፕሮግራሞች ማስገባት ይችላል። ለሞባይል የሚተርፈው ሞገድ የተገኘው ከዚህ ልዩነት ነው።

በሰኔ 1998 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የተፈረመው «ጄኔቫ 06» የሚባለው ስምምነት የአፍሪካንና የአውሮፓን ጨምሮ ከመቶ በላይ ለሚሆኑ አገሮች የዲጂታል ቴሌቪዥን ዕቅድ አወጣ። በዩ.ኤች.ኤፍ. ለሚሠራ የአናሎግ ሥርጭት ይሰጥ የነበረው ዓለም አቀፍ ጥበቃ ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. እንዲያበቃም ወሰነ። ከዚያ ቀን በኋላ አናሎግን ያላቆመ አገር የጎረቤቱ ዲጂታል ጣቢያ ቢረብሸው አቤት የሚልበት መሠረት አይኖረውም።

ከዚሁ ጋር ጎን ለጎን ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት (አይ.ቲ.ዩ.) በየጥቂት ዓመቱ በሚያካሂዳቸው የሬዲዮ ጉባኤዎች ሞገዱን ከላይ ጀምሮ ለሞባይል መስጠት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከ790 እስከ 862 ሜጋኸርዝ ያለው ክፍል (የ800 ባንድ)፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ከ694 እስከ 790 ያለው (የ700 ባንድ) ለሞባይል እንዲፈቀድ ተወሰነ። የሁለተኛው ዝርዝር ሁኔታ የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ2015ቱ ጉባኤ ነው። ሁለቱ ባንዶች ሲደመሩ ከ49ኙ የቴሌቪዥን ቻናሎች 21ዱን ይወስዳሉ፤ ለቴሌቪዥን 28 ቻናሎች ይቀራሉ።

ዝቅተኛ ሞገድ ለምን ይፈለጋል?

የሬዲዮ ሞገድ ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ባለ ቁጥር የሞገዱ ርዝመት ይጨምራል፤ ረጅም ሞገድ ደግሞ ኮረብታን ታጥፎ ማለፍና ግድግዳን ዘልቆ መግባት ይቀለዋል። በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ ሲያሸንፍ በአሰላ አቅራቢያ ያደገው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ድሉን የሰማው በአባቱ ሬዲዮ መሆኑን በተደጋጋሚ ተናግሯል። የዚያን ዘመን የሬዲዮ ሥርጭት በረጃጅም ሞገዶች የሚጓዝ ስለነበር ቴሌቪዥን የማይታሰብበት ቤት ድረስ ይዘልቅ ነበር። የሞባይል ሞገዶችም በመካከላቸው ተመሳሳይ ልዩነት አላቸው። የ700 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ለ3ጂ በስፋት የሚያገለግለው የ2100 ሜጋኸርዝ ሞገድ ግን 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ልዩነቱን በእጅ ማስላት ይቻላል። ምንም በማይከልለው ባዶ አየር ላይ ፍሪኩዌንሲው በሦስት እጥፍ ሲቀንስ ምልክቱ የሚደርስበት ርቀት በሦስት እጥፍ ይጨምራል። መሬት ላይ ዛፍ፣ ቤትና ጉብታ ስላለ ጭማሪው ይህን ያህል አይሆንም። መሐንዲሶች ለመነሻ ያህል የምልክቱ ኃይል ከርቀቱ 3.5ኛ ርቢ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል ብለው ይወስዳሉ። በዚህ ግምት ከ2100 ወደ 700 ሜጋኸርዝ የወረደ ማማ የሚደርስበት ርቀት 1.87 እጥፍ፣ የሚሸፍነው የቦታ ስፋት ደግሞ 3.5 እጥፍ ይሆናል።

ይህን ወደ አርሲ ዞን እንውሰደው። የዞኑ ስፋት 19,825 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ የ2100 ሜጋኸርዝ ማማ በዙሪያው 6 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ብንል 113 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ዞኑን ለመሙላት 175 ማማዎች ያስፈልጋሉ። በ700 ሜጋኸርዝ ያው ማማ 11 ኪሎ ሜትር ከሩብ ገደማ ይደርሳል፣ የሚበቁትም 50 ናቸው። ይህ በእርግጥ የወረቀት ሒሳብ ነው፤ ክቦች ያለ መደራረብ እንደማይገጣጠሙ እናውቃለን፣ ተራራም ሒሳቡን ያበላሻል። ትክክለኛው ዕቅድ የመሬቱን ከፍታ ካርታ ይዞ በኮምፒውተር የሚሠራ ነው። የ175ና የ50 ንጽጽር ግን የጉዳዩን መጠን ያሳያል። እያንዳንዱ የገጠር ማማ መንገድ፣ ጥበቃ፣ የመብራት መስመር ወይም የፀሐይ ኃይል ወይም ጄኔሬተር ይፈልጋልና ዋናው ወጪ ከሬዲዮው መሣሪያ ይልቅ ከዚህ ዙሪያ የሚመጣ ነው።

አንባቢ «የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድስ ዝቅተኛ አይደለም ወይ?» ሊል ይችላል። ነው፤ ሁለተኛው የሞባይል ትውልድ (2ጂ) በገጠር ድምፅና አጭር መልእክት ማድረስ የቻለው በእሱ ነው። ችግሩ ጠባብ መሆኑ ነው። የ900 ባንድ በጠቅላላው ለመላኪያ 35፣ ለመቀበያ 35 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን እሱንም ኦፕሬተሮችና 2ጂና 3ጂ ይካፈሉታል። የ700ና የ800 ባንዶች እያንዳንዳቸው 30 በ30 ይጨምራሉ። ሁለቱ ሲታከሉ ዝቅተኛው ሞገድ ከ35 ወደ 95 ያድጋል፤ ማለትም ድምፅ ብቻ ይገኝበት በነበረው ጉብታ ላይ ኢንተርኔት የሚያደርስ ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

አሰላና የአርሲ ደጋ

አሰላ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የአርሲ ዞን ዋና ከተማ ናት። በላይዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጭላሎ ተራራ ቆሟል፤ በምዕራቧ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆና ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል። ከጭላሎ ወዲያ ጋላማና ካካ ይቀጥላሉ፤ በደቡብና በምሥራቅ በኩል ደግሞ ውኃው ወደ ዋቤ ሸበሌ የሚሄድ ጥልቅ ሸለቆ አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 2,637,657 ሲሆን ከመቶው ወደ 12 የሚጠጋው ብቻ በከተማ ይኖር ነበር። የአሰላ ከተማ ነዋሪ 67,269 ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች የኔትወርክን ኢኮኖሚ ይወስናሉ። አሰላ፣ በቆጂ፣ ሳጉሬ፣ ኢተያና ሁሩታ በዋናው መንገድ ላይ ወይም በቅርቡ ስለሚገኙ ከአንድ ማማ ብዙ ደንበኛ ይገኛል፤ ማንኛውም ኦፕሬተር ሳይገደድም ይገባባቸዋል። ቀሪው ሕዝብ ግን በገብስና በስንዴ ማሳ መካከል ተበታትኖ፣ ከፊሉም ከተራራ ጀርባ ይኖራል። ለመደወል ወደ ጉብታ መውጣት ለደጋው ገጠር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ለዚህ ሰው አዲስ ማማ የሚተከለው የማማው ወጪ ከሚያስገኘው ገቢ ያነሰ እንደሆነ ብቻ ነው። ዝቅተኛ ሞገድ የሚያመጣው ለውጥም እዚህ ላይ ነው፤ ማማው በእጥፍ ርቀት ሲሠራ ከዚህ በፊት የማያዋጣ የነበረ ሸለቆ ማዋጣት ይጀምራል።

ጥቅሙ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት የስንዴ ዋግን መውሰድ ይበቃል። አርሲ በ1959 ዓ.ም. አካባቢ የቁሉምሳ ጣቢያ ከተቋቋመበትና በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ የአገሪቱ የስንዴ ምርምር ማዕከል ነው። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ከባድ ጉዳት አድርሰዋል። በሁለተኛው የተመታው «ዲገሉ» የተባለው፣ ስሙን ከዚሁ አካባቢ የወሰደው የስንዴ ዝርያ ነው። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከሲሚት፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከብሪታንያ የአየር ትንበያ ድርጅት ጋር የዋግ ዘር በነፋስ ወዴት እንደሚጓዝ ቀድሞ የሚተነብይ ሥርዓት ዘረጋ። ማስጠንቀቂያው ለልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የስልክ መስመር ነው። ፀረ-ፈንገስ መድኃኒት የሚጠቅመው በጊዜ ከተረጨ ነው፤ ከሳምንት በኋላ የመጣ መልእክት ለማሳው ምንም አይፈይድለትም። ድምፅና አጭር መልእክት በ2ጂ ይሄዳሉ። ገበሬው ወይም የልማት ሠራተኛው የታመመውን ቅጠል ፎቶ አንስቶ ወደ ቁሉምሳ መላክ ሲፈልግ ግን ኢንተርኔት ያስፈልገዋል።

ዝቅተኛ ሞገድ ለሁሉም መፍትሔ አይደለም። ሰፊ ቦታ የሚሸፍን ማማ ያንኑ ውስን አቅም ለብዙ ሰው ያካፍላል። ምሽት ላይ ተማሪው ሁሉ ቪዲዮ በሚከፍትበት በአርሲ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ችግሩ የርቀት ሳይሆን የመጨናነቅ ነው። እዚያ የሚያስፈልጉት 1800ና 2600 ሜጋኸርዝን የመሰሉ አጭር ርቀት የሚሄዱ ግን ሰፋፊ ባንዶች ናቸው።

ቴሌቪዥኑ ምን ያጣል?

አንድን ሀብት ከአንዱ ወስዶ ለሌላው መስጠት የሚያዋጣው የተቀባዩ ጥቅም ከሰጪው ኪሳራ ሲበልጥ ነው። የኢትዮጵያ ሁኔታ ከአውሮፓ የሚለየው በዚህ በኩል ነው፤ ኪሳራው ትንሽ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት አገሪቱ የነበራት የምድር ሥርጭት አንድ የመንግሥት ጣቢያ ብቻ ስለነበር በዩ.ኤች.ኤፍ. ካሉት 49 ቻናሎች አብዛኛዎቹ ሥራ ላይ አልዋሉም። የግል ጣቢያዎች ሲመጡ ደግሞ ከመጀመሪያው የመጡት በሳተላይት ነው። ኢ.ቢ.ኤስ. እ.ኤ.አ. በ2008፣ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመሩት እንዲሁ ነው። (ሁለቱ 2008ዎች በአጋጣሚ የገጠሙ ናቸው፤ በመካከላቸው ስምንት ዓመት ገደማ አለ።) በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ከኤስ.ኢ.ኤስ. ኩባንያ ጋር ሆኖ ኢትዮሳትን ሲጀምር የአገር ውስጥ ጣቢያዎች 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ባለ ሳተላይት ተሰባሰቡ፤ በየቤቱም ዲሽ የማዞር ሥራ ተጀመረ። ዛሬ አሰላ ውስጥ በየጣሪያው የሚታየው ዲሽ ነው።

ስለዚህ ሌላ አገር ውስጥ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ካሳና ክርክር የጠየቀው ሥራ እዚህ ግማሹ በተመልካቹ እጅ አልቋል ማለት ይቻላል። በአንጻሩ ኢትዮጵያ የ2007ቱን ቀነ ገደብ አላሟላችም። የቤት አንቴና ብቻ ያለውና ዲሽና ሪሲቨር የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ቤተሰብም አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008ና በ2009 ለመቀየሪያ ሣጥን መግዣ የሚሆን የ40 ዶላር ኩፖን ለአንድ ቤት እስከ ሁለት ድረስ ሰጥታለች። ታንዛኒያ ከዳሬ ሰላም ጀምራ ከተማ በከተማ እየዘጋች ሄደች። በኬንያ ደግሞ ትልልቆቹ የግል ጣቢያዎች ከመንግሥት ጋር ባለመስማማታቸው በየካቲት 2007 ዓ.ም. ለ19 ቀናት ያህል ከአየር ጠፍተዋል።

ሌላም ትንሽ የማትመስል ጉዳይ አለች። ከቴሌቪዥን ጎን የሚቀመጥ የሞባይል ምልክት ርካሽ የአንቴና ማጉያዎችን ሊረብሽ ይችላል። ብሪታንያ የ800 ባንድን ስትሰጥ ይህን የሚያስተካክል አካል በኦፕሬተሮቹ ወጪ እንዲቋቋም አድርጋለች፤ በጀቱም 180 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። በዲሽ የሚያይ ቤት ግን ይህ አይነካውም።

ዋጋው ስንት ነው?

የሞገድ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚነጻጸረው በአንድ ሜጋኸርዝ ለአንድ ነዋሪ ተሰልቶ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓ የመጀመሪያውን የዲጂታል ዲቪደንድ ጨረታ ስታካሂድ የ800 ባንድ 60 ሜጋኸርዝ ወደ 3.6 ቢሊዮን ዩሮ አስገኘ። ይህ በአንድ ሜጋኸርዝ ለአንድ ሰው 0.73 ዩሮ ገደማ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ባጠናቀቀችው ጨረታ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ራሳቸው ሞገዳቸውን እንዲሸጡ ፈቀደች፤ ከተገኘው 19.8 ቢሊዮን ዶላር ወደ 10 ቢሊዮን የሚሆነውን የወሰዱት ጣቢያዎቹ ናቸው።

የጀርመኑን ዋጋ ወስዶ በ120 ሚሊዮን ኢትዮጵያዊ ማባዛት ቀላል ነው፤ ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ይወጣል። ነገር ግን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ለመላ አገሪቱ የ15 ዓመት የቴሌኮም ፈቃድ የሰጠው ዋጋ 850 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ተወዳዳሪው ኤም.ቲ.ኤን. ያቀረበውም 600 ሚሊዮን። ስለዚህ የአንድ ባንድ ዋጋ ከአጠቃላዩ ፈቃድ በብዙ እጥፍ ይበልጣል የሚል ስሌት የተሳሳተ መሆኑ ግልጽ ነው። ሞገድ የሚያወጣው ዋጋ በአገሩ ሰው ኪስ ልክ ነው።

ከዚህ ስህተት የሚመጣውን ጉዳት ሕንድ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የ700 ባንድን በአንድ ሜጋኸርዝ 114.85 ቢሊዮን ሩፒ መነሻ ዋጋ ለጨረታ አቀረበች፤ አንድም ገዢ አልመጣም። በ2021 ዋጋው ወርዶም አልተሸጠም። ሪላያንስ ጂዮ የገዛው በ2022፣ መነሻው ወደ 39.27 ቢሊዮን፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው ሲሶ ከወረደ በኋላ ነው። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ሞገዱ ለማንም አልጠቀመም። ማዕድን ተቆፍሮ ሳይወጣ ቢቆይ ለነገ ይቀመጣል፤ ሥራ ሳይሠራበት ያለፈ የሞገድ ዓመት ግን ተመልሶ አይገኝም።

ቶማስ ሃዝሌትና ሮቤርቶ ሙኞዝ የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የተከራከሩት በዚሁ ነጥብ ላይ ነው። ተጠቃሚዎች ከርካሽና ከሰፊ አገልግሎት የሚያገኙት ጥቅም መንግሥት ከጨረታ ከሚያገኘው ገቢ እጅግ የላቀ ስለሆነ፣ ገቢ ለማብዛት ሲባል ሞገድን አሳንሶ ወይም አዘግይቶ ማቅረብ አገርን ያከስራል ይላሉ። ሁሉም አይስማማም፤ የበጀት ጉድለት ላለበት መንግሥት ዛሬ የሚገባ ጥሬ ገንዘብ የራሱ ክብደት አለው። ለአርሲ ገጠር ግን የሃዝሌት ወገን ክርክር ይበልጥ የሚያሳምን ይመስላል።

ርካሽ ዋጋ ብቻውን ማማውን ወደ ሸለቆ አያመጣውም። ጀርመን የ800 ባንድን የወሰዱ ኩባንያዎች መጀመሪያ ኢንተርኔት የሌላቸውን ትንንሽ መንደሮች እንዲሸፍኑና ከዚያ በኋላ ወደ ከተሞች እንዲሄዱ አስገድዳ ነበር። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሸጠችው አንዱን ክፍል ከሕዝቡ 98 በመቶ የሚሆነውን ቤቱ ውስጥ ሆኖ እንዲያገኝ ከሚያደርግ ግዴታ ጋር አያይዛለች። እንዲህ ያለ ግዴታ የጨረታውን ዋጋ ይቀንሳል። መንግሥት በገንዘብ ያጣውን በሽፋን ያገኘዋል ማለት ነው። ግዴታው ግን በሕዝብ ብዛት ብቻ ከተለካ ለአርሲ አደገኛ ነው፤ አዲስ አበባን፣ አዳማንና የመንገድ ዳር ከተሞችን ሸፍኖ ትልቅ መቶኛ ማስመዝገብ ይቻላልና። በቀበሌ ወይም በቦታ ስፋት የተለካ ግዴታ ይለያል።

በኢትዮጵያ የሚወስነው ማን ነው?

ስፔክትረምን የማስተዳደር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለጣቢያዎች ፈቃድ የሚሰጠውና ይዘታቸውን የሚከታተለው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሚመራው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ሞገዱን ከቴሌቪዥን ወደ ሞባይል ማዛወር የሁለቱን መስማማት ይፈልጋል።

በገበያው ውስጥ በሰኔ 2016 ዓ.ም. 78 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞች የነበሩት ኢትዮ ቴሌኮምና መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት በይፋ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አሉ። ሁለት ኦፕሬተሮች ብቻ ባሉበት ገበያ ጨረታ ብዙ ፉክክር አያመጣም፤ ሞገዱን በተመጣጣኝ ክፍያና በግልጽ የሽፋን ግዴታ መስጠት የተሻለ አማራጭ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። ማማ መጋራትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጭላሎ ላይ ሁለት ኩባንያዎች ሁለት ማማ ጎን ለጎን ቢተክሉ ዝቅተኛው ሞገድ ያተረፈው ወጪ መልሶ ይጠፋል።

የመጨረሻው ቋጠሮ ያለው በተጠቃሚው እጅ ነው። ስልኩ ሞገዱን የሚቀበል ካልሆነ ማማው ቢኖርም ኢንተርኔት አይመጣም። የ800 ሜጋኸርዝ 4ጂ «ባንድ 20»፣ የ700ው ደግሞ «ባንድ 28» በሚል ቁጥር ይታወቃል። ርካሽ የሆኑና ለሌላ አህጉር ገበያ ተሠርተው የመጡ አንዳንድ ስልኮች ከሁለቱ አንዱን ወይም ሁለቱንም አይዙም፤ የትኞቹን እንደሚይዝ በስልኩ ካርቶን ላይ ወይም በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።